አዎ፣ ነበር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። አንድ የቆየ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ፊዚክስ አስተምር በነበረበት ጊዜ አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ተፈጥሮ ወዲያው ከጠፋ፣ ነበረ ይባላል?» አለችኝ። ደወል ተደወለ። ሳልመልስላት ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ቢሆን ስለ ኦክስጅን 24 እነግራት ነበር። የምንተነፍሰው ኦክስጅን በአብዛኛው 8 ፕሮቶንና 8 ኒውትሮን ነው ያለው። ይኼኛው ግን 16 ኒውትሮን ተሸክሟል። ከዚህ በላይ ኒውትሮን የሚችል ኦክስጅን የለም። ተጨማሪ ጉልበት ሲያገኝ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ ኒውክለሶች፣ ማለትም የአቶም እምብርቶች፣ ጨረር ለቆ አይረጋጋም። አንድ ኒውትሮን ተፍቶ ይበተናል። የሰከንድ ቢሊዮንኛ ቢሊዮንኛ እንኳ አይቆይም።

ታዲያ እንዴት ይታያል? አሜሪካ፣ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በፍጥነት የሚሮጡ የፍሎሪን 26 ኒውክለሶችን ቤሪሊየም ላይ ወርውረው ይህን ጉልበት ያገኘ ኦክስጅን 24 ሠሩ። ከፊት ለፊት ሞና የሚባል ኒውትሮን መመርመሪያ ቆሟል። 144 የፕላስቲክ ዘንግ ነው፤ እያንዳንዱ 2 ሜትር። ከገጠሙት ውስጥ ብዙዎቹ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ነበሩ። ይኼን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው ማግኔት አያጥፈውም። ቀጥ ብሎ ሄዶ ዘንጉን ይመታል። ዘንጉ ውስጥ ብልጭ ይላል፤ ብርሃኑም ወደ ሁለቱም ጫፍ ይሮጣል። የግራው ጫፍ ቀድሞ ካየ፣ ምቱ ወደ ግራው ጫፍ የቀረበ ነበር ማለት ነው። የተረፈውን ኦክስጅን 23 ደግሞ ማግኔት ወደ ጎን ጠምዝዞ ሌላ መመርመሪያ ውስጥ ያስገባዋል። ከሁለቱ ፍጥነትና አቅጣጫ ተነስቶ፣ ኦክስጅን 24 ምን ያህል ተጨማሪ ጉልበት እንደነበረው ወደ ኋላ ማስላት ነው።

ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ተጨማሪው ጉልበት፣ በኒውክለስ ጉልበት መለኪያ፣ 4.7 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነበር። ኒውትሮኑን ለመንቀል ግን ከ4 ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ይበቃል። ለዚያ ነው የሚበተነው። ኒውክለሱን ለመቀስቀስ ይህን ያህል ጉልበት ከጠየቀ ደግሞ 16 እዚህ ሰፈር ምትሃታዊ ቁጥር፣ ማለትም ኒውክለሱን በተለይ የሚያጠነክር የኒውትሮን ቁጥር፣ ነው ማለት ነው። እኔ ተማሪዎቼን በቃል ያስጠናኋቸው ምትሃታዊ ቁጥሮች 2፣ 8፣ 20፣ 28፣ 50፣ 82፣ 126 ነበር። 16 የለበትም።

ያቺ ልጅ አሁን የት እንዳለች አላውቅም። እየሰማሽኝ ከሆነ ግን፣ አዎ፣ ነበር። የተፋው ኒውትሮን 8 ሜትር ያህል ተጉዞ ፕላስቲኩን መታ። ግራና ቀኝ ያሉት ጫፎችም አዩት።