ቦገንቪሊያችሁ ቅጠል ብቻ ሆነ? ውሃውን ተዉት

(ምስል፦ በግንብ አጥር ላይ የተንዠረገገ ሐምራዊ ቦገንቪሊያ)

ቢሾፍቱ ወይም ባህር ዳር የሄደ ሰው ይህን ሳያይ አይመለስም። አጥሩ ሙሉ ሐምራዊ። የእናንተው ግን ቅጠል በቅጠል ሆኗል፣ አይደል? በየቀኑ ታጠጣላችሁ፣ ፍግ ትጨምራላችሁ፣ እሱ ግን ሽቅብ ይመዘዛል እንጂ አያብብም። እኔም ሁለት ዓመት እንዲሁ ደክሜያለሁ። ለካ ያጠፋሁት አብዝቼ በመንከባከቤ ነው።

እስቲ አንዷን ቀንጥሰን እንያት።

(ምስል፦ መዳፍ ላይ፣ በቅርበት)

ይቺ ሐምራዊዋ አበባ አይደለችም፤ ቀለም ያወጣች ቅጠል ናት። ስትነኳት እንደ ወረቀት ትንኮሻኮሻለች። ሦስቱ ቅጠሎች መሃል ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ጫፋቸው ላይ ያለችው ነጭ ኮከብ፣ እውነተኛዋ አበባ እሷ ናት።

ተክሉ የደቡብ አሜሪካ ነው። በ1767 እ.ኤ.አ. ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ያገኘው ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኮመርሰን ሲሆን፣ ስሙ የተሰየመው የባሕር ጉዞው መሪ በነበረው በቡገንቪል ነው።

ወደ ውሃው እንመለስ። በተተከለበት ዓመት ሥር እስኪይዝ አጠጡት። ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ያለውን ጥሙን አስችሉት፤ ትንሽ ሲጠማ ነው የሚያብበው። በክረምት ቅጠል የሚያበዛው፣ በበጋ የሚያምረውም ለዚህ ነው። ማሰሮ ውስጥ ከሆነ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጡ። ፍግም ሲበዛ ቅጠሉን ነው የሚያፋፋው።

ፀሐይ ላይ ግን አትሰስቱ። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይፈልጋል። ጥላ ውስጥ ተክሎ አበባ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ውርጭ የሚመታው አካባቢ ከሆናችሁ ለጋውን ግንብ ሥር አስጠጉት።

ስትተክሉ ችግኙን ጎትታችሁ አታውጡ። ሥሩ ስስ ነው፣ ይበጠሳል። ፕላስቲኩን በምላጭ ቅደዱና አፈሩን እንደያዘ አስገቡት።

አበባው ሲረግፍ ደግሞ ረጃጅሙን ቅርንጫፍ ቁረጡት። የሚያብበው አዲስ ቡቃያ ላይ ስለሆነ አትሳሱለት። ወፍራም ጓንት አድርጉ። የተቆረጠውንም ሳትጠርጉ ልጆቹን ግቢ አትልቀቁ፤ እሾሁ ነጠላ ጫማ ይበሳል።