ዩ የማትከተላት ኪው፦ በእንግሊዝኛ ክበባችን መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር

ውድ ተማሪዎች፣ ክቡራን ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ክበባችን ዛሬ የቃላት ጨዋታ ይጀምራል። ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ስክራብል ይባላል፤ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ሰሌዳ ላይ እየደረደራችሁ የእንግሊዝኛ ቃል የምትሠሩበትና ነጥብ የምትሰበስቡበት ጨዋታ ነው። ደንቡን ስትጫወቱ ትለምዱታላችሁና እሱን አልዘረዝርም። እኔ መናገር የምፈልገው ስለ አጫጭር ቃላት ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ፊደል ስላላቸው። በተለይ ደግሞ አስቸጋሪ ፊደል ስለያዙት።

ብዙዎቻችን እንግሊዝኛን የምንፈራው በረጃጅም ቃላቱ ነው። 9ኛ ክፍል ስትገቡ ባዮሎጂው፣ ኬሚስትሪው፣ ሒሳቡ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይመጣል። መጽሐፉን ስትገልጡ ለማንበብ ትንፋሽ የሚያሳጥር ቃል ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ማለት ረጅም ቃል የሚችል ሰው ይመስለናል። እዚህ ሰሌዳ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ጨዋታውን የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 1930ዎቹ፣ የታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ነው። በትስ ሥራ አጥቶ ነበር። ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ አንድ በአንድ ቆጠረ። ከቆጠረባቸው አንዱ ኒው ዮርክ ታይምስ ነው። የጨዋታው 100 ጠጠሮች የተከፋፈሉት በዚያ ቆጠራ ነው። ኢ በእንግሊዝኛ በጣም ስለምትበዛ 12 ጠጠር አላት፤ ነጥቧ ግን 1 ብቻ ነው። ኪው እና ዚ አንድ አንድ ጠጠር ብቻ አላቸው፤ ነጥባቸው 10 ነው። ኤስ ግን በብዛቷ ልክ አልተሰጣትም፤ 4 ጠጠር ብቻ ነው ያላት። ምክንያቱም ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ኤስ እየለጠፈ ቃሉን ብዙ ቁጥር ቢያደርግ ጨዋታው ይቀል ነበር። በትስ ይህን አስቦበታል። ስክራብል የሚለው ስም የመጣው ዘግይቶ፣ በ1948 ነው።

እንግዲህ 7 ጠጠር ይዛችኋል እንበል። አንዷ ኪው ናት፤ ዩ ግን የላችሁም። ምን ታደርጋላችሁ?

ጀማሪ ተጫዋች እዚህ ላይ ይጨነቃል። ኪው ያለ ዩ አትሄድም ተብለን ተምረናልና። ይህ ልማድ ግን የእንግሊዝኛ የራሱ አይደለም። ድሮ እንግሊዞች "ኩዊን" የሚለውን ቃል ሲጽፉ በሲ እና በደብልዩ ይጀምሩ ነበር። በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን ያዙ። ጸሐፊዎቻቸው የፈረንሳይኛውን አጻጻፍ ይዘው ገቡ። ኪው እና ዩ የተጣመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

የኪው የዘር ሐረግ ግን ከዚያ በጣም ይርቃል። ወደ ኋላ ብንከተላት በሮማውያንና በግሪኮች በኩል አድርገን በዛሬዋ ሊባኖስ አካባቢ የነበረችው ጥንታዊት ፊንቄ እንደርሳለን። እዚያ ቆፍ የምትባል የሴማውያን ፊደል አለች። የእኛ ቀ ከዚያው ግንድ ናት። በግዕዝ ስሟ ቃፍ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፏቸውና እዩ፤ ሁለቱም ክብ ናቸው፣ ሁለቱም ላይ ጭረት አለ። ቀበናን፣ ቃሊቲን፣ ቂርቆስን በላቲን ፊደል ስንጽፍም አንዳንድ ጊዜ ኪው የምንጠቀመው ለዚህ ድምፅ ነው፤ ዩም አናስከትልም። የቦታና የሰው ስም በስክራብል አይፈቀድም እንጂ ዩ የሌላት ኪው ለእኛ እንግዳ አይደለችም።

አሁን ወደ ጠጠሮቻችሁ ተመለሱ። ኪው፣ ኤ፣ ቲ ካላችሁ ቃል አላችሁ። ጫት ማለት ነው፤ ከዓረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ገብቷል። ቅጠሉን እንድትርቁት ሁልጊዜ እነግራችኋለሁ፤ ቃሉን ግን ያዙት፣ 12 ነጥብ ነው። ከዚህ ያጠረም አለ። ኪው እና አይ ሲገጥሙ "ቺ" ተብሎ ይነበባል። በቻይናውያን አስተሳሰብ ሕይወት የሚሰጥ ኃይል ማለት ነው። ሁለት ፊደል፣ 11 ነጥብ። ኪውን የፊደሉን ነጥብ ሦስት እጥፍ በሚያደርገው የሰሌዳው ቤት ላይ አድርጋችሁ ቃሉን ወደ ታችም ወደ ጎንም ብታስነብቡት 31 ሁለት ጊዜ፣ 62 ነጥብ ይሆናል። ብዙ ረጃጅም ቃላት ይህን አያስገኙም።

ኤክስም እንዲሁ ናት፤ 8 ነጥብ አላት። አምስቱም አናባቢዎች ከእሷ ጋር ባለሁለት ፊደል ቃል ይሠራሉ። ኤ፣ ኢ እና ኦ ከፊቷ ይቆማሉ፤ መጥረቢያ እና በሬ የሚሉት ቃላት እዚህ አሉ። አይ እና ዩ ደግሞ ይከተሏታል፤ አንዱ የግሪክ ፊደል፣ አንዱ የቬትናም ሳንቲም ነው። በአንጻሩ ቪ ያለበት ባለሁለት ፊደል ቃል ምንም የለም፤ በመፈለግ ጊዜ አታጥፉ። በሰሜን አሜሪካ ውድድሮች የሚፈቀዱት ባለሁለት ፊደል ቃላት በሙሉ 107 ናቸው። በቃል ለመያዝ አንድ ወር ይበቃል።

በዚህ መንገድ የት መድረስ ይቻላል? በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ፐርዝ ከተማ፣ የስክራብል የዓለም ሻምፒዮና ተደረገ። ያሸነፈው ዌሊንግተን ጂግሄሬ ነው፤ ናይጄሪያዊ። በፍጻሜው እንግሊዛዊውን ተጋጣሚ 4 ለ 0 ረታው። ከአፍሪካ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ነው። የናይጄሪያ ተጫዋቾች ረጅም ቃል እጃቸው ላይ እያለ እንኳ አጭሩን በመምረጥ ይታወቃሉ። አጭር ቃል ሲጫወቱ ጥሩ ጥሩዎቹ ፊደላት ለቀጣዩ ዙር ይተርፏቸዋል። ተጋጣሚም የሚጠቀምበት ክፍት ቦታ አያገኝም። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ለብዙ ናይጄሪያውያን እንግሊዝኛ እንደ እናንተው ትምህርት ቤት የሚለመድ ቋንቋ ነው።

ሌላም ታላቅ ተጫዋች አለ፤ የኒውዚላንዱ ናይጄል ሪቻርድስ። በዚያው በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ፤ ፈረንሳይኛ ግን አይናገርም። ቃላቱን በቃሉ ይዞ ነው የገባው። ችሎታው ያስደንቃል። እናንተ ግን እንደዚያ እንድታጠኑ አልፈልግም። እሱ የፈለገው ዋንጫውን ነው። እናንተ በዚህ ቋንቋ ፊዚክስ ትማሩበታላችሁ፣ ፈተና ትፈተኑበታላችሁ፣ ነገ ሥራ ትሠሩበታላችሁ። ትርጉሙን የማታውቁት ቃል ከሰሌዳው ሲነሳ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ በክበባችን አንድ ተጨማሪ ደንብ አለ። ቃል ያስቀመጠ ሰው ትርጉሙን ይናገራል። ካላወቀ ነጥቡ ይያዝለታል፤ ግን መዝገበ ቃላቱን ገልጦ ጮክ ብሎ ያነብልናል። በየጠረጴዛው አንድ አንድ መዝገበ ቃላት አለ። ደብተራችሁን በቃል ርዝመት ከፋፍሉት፤ ለሁለት ፊደል አንድ ገጽ፣ ለሦስት ፊደል ብዙ ገጽ። በዚህ ሳምንት ኪው፣ ኤክስ፣ ጄ እና ዚ ያለባቸውን ባለሁለት ፊደል ቃላት እንይዛለን። በሚቀጥለው ሳምንት ዩ የሌላቸውን የኪው ቃላት እንጨምራለን። ጤፍ እና ብርም እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብተዋል፤ ሁለቱም ባለአራት ፊደል ናቸው። እንዴት እንደሚጻፉ ፈልጋችሁ ያገኛችሁ ሰኞ ንገሩኝ።

ወላጆች፣ ልጆቹ ቤት ሲመጡ ቃላቱን ጠይቋቸው። እንግሊዝኛ ባትችሉም ትርጉሙን በአማርኛ ያስረዷችኋል።

የመጀመሪያውን ጠጠር የሚያወጡት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ቦታ ቦታችሁን ያዙ።

አመሰግናለሁ።