ሁለት ሦስተኛው የማን ነው? የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ስለማሻሻል የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ኳስ የሚጫወቱ፣ ለልጆች የበጋ ጨዋታ የሚያዘጋጁ፣ በዓል ሲደርስ አዳራሽ ተከራይተው የሚያከብሩ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሚተዳደሩት ከዓመታት በፊት ሦስት አራት ሰዎች ቡና እየጠጡ በጻፉት ደንብ ነው። ዛሬ ስልካችንን የከፈትነው ያንን ደንብ ሊያሻሽሉ ለተነሱ አድማጮች ነው። መልስ የሚሰጡን የማኅበራትን ደንብ በማርቀቅ፣ በደንብ ምክንያት የተጣሉትንም በማሸማገል የቆዩ ባለሙያ ናቸው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የደወሉ የማኅበር ሰብሳቢ፦ ደንባችን «በአባላት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሻሻላል» ይላል። በመዝገባችን 212 አባላት አሉ። ጠቅላላ ጉባኤ ስንጠራ ግን 60 ሰው ከመጣ ትልቅ ነገር ነው። እንዴት አድርገን እናሻሽለው?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ፣ እጅዎ ላይ ያለው ደንብ የሚሠራበት ደንብ መሆኑን እርግጠኛ ነዎት? የምጠይቀው ለወግ አይደለም። አንድ ማኅበር ሦስት ደንብ ይዞ አይቻለሁ። አንዱ ጸሐፊው ዘንድ፣ አንዱ የቀድሞው ሰብሳቢ ኮምፒውተር ውስጥ፣ አንዱ ደግሞ ለግብር ነፃነት ማመልከቻ ከተላከው ሰነድ ጋር ነበር፤ ሦስቱም አይመሳሰሉም። ስለዚህ የድሮ ቃለ ጉባኤዎችን ሰብስባችሁ የትኛው አንቀጽ መቼ እንደተለወጠ አጣሩ። በቨርጂኒያ የኮርፖሬሽን ኮሚሽን ዘንድ የተመዘገበውን የመመሥረቻ ጽሑፍም አውጡ። ሁለቱ ከተጋጩ የሚጸናው የመመሥረቻ ጽሑፉ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። «የአባላት ሁለት ሦስተኛ» ሲባል በመዝገብ ላይ ካሉት ከ212 ነው፤ 142 ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። «በጉባኤው ከተገኙት ሁለት ሦስተኛ» ቢል ከ60ው 40 ይበቃ ነበር። «ድምፅ ከሰጡት ሁለት ሦስተኛ» ቢል ደግሞ፣ ከ60ው ስድስቱ ድምፀ ተአቅቦ ቢያደርጉ፣ ከቀሪዎቹ 54 ሰዎች 36ቱ ይበቃሉ። ልዩነቱ የሁለት የሦስት ቃል ነው፤ ውጤቱ ግን ማኅበሩ መሻሻል መቻሉና አለመቻሉ ነው። በመካከለኛው አጻጻፍ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ ሰው ሳያውቀው ተቃዋሚ እንደሚሆንም ልብ ይበሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ መዝገቡን አጥሩ። ከእነዚያ 212 ሰዎች ውስጥ ወደ ሲያትል የሄደ፣ ሦስት ዓመት መዋጮ ያልከፈለ፣ ነፍሱን ይማረውና በሕይወት የሌለም ይኖራል። ነገር ግን ማጥራቱ ደንቡ በሚለው መንገድ ብቻ ይሁን። «መዋጮ ያልከፈለ ከአባልነት ይሰረዛል» የሚል አንቀጽ ካለ፣ ለያንዳንዱ ደብዳቤ ጽፋችሁ፣ የሚከፍልበት ጊዜ ሰጥታችሁ፣ ከዚያ ነው የሚሰረዘው። በጉባኤው ዋዜማ 80 ስም መሰረዝ ማሻሻል ሳይሆን መፈንቅለ ማኅበር ነው። ፍርድ ቤት ብትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ቀጥሎ ውክልና አለ። በቨርጂኒያ ሕግ የማኅበሩ ሰነዶች ካልከለከሉ አባል በጽሑፍ ውክልና ሰጥቶ ድምፁን በሌላ ሰው በኩል ማሰማት ይችላል። ልጅ የሚያሳድግ፣ ቅዳሜ ታክሲ የሚነዳ፣ ሆስፒታል ተረኛ የሆነ አባል ስላልመጣ ብቻ ግድ የለውም ማለት አይደለም። የውክልና ቅጹን ከጥሪው ጋር ላኩለት።

ከዚያ በመጀመሪያው ጉባኤ ደንቡን ሙሉ በሙሉ ልለውጥ አይበሉ። አንድ አንቀጽ ብቻ ያቅርቡ፤ የማሻሻያውን አንቀጽ ራሱን። «ድምፅ ከሰጡት አባላት ሁለት ሦስተኛ» ተብሎ ይስተካከል። 142 ሰው ለአንድ ጉዳይ ማሰባሰብ ከባድ ቢሆንም ይቻላል፤ ለአርባ አንቀጽ ግን አይቻልም።

ምልዓተ ጉባኤውንም እግረ መንገድዎን ይመልከቱት። ሰነዶቹ ዝም ካሉ በቨርጂኒያ ሕግ የድምፅ ሰጪ አባላት አንድ አሥረኛ ይበቃል፤ ለእናንተ 22 ሰው ነው። ለእኔ ይህ ያንሳል፤ ግማሽ ደግሞ ይበዛል። እኔ አንድ አራተኛ አካባቢ እመርጣለሁ። አገር ቤት የለመድነው «ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ በሁለተኛው ጥሪ በተገኙት ይካሄዳል» የሚለው ዘዴ የሚሠራው በደንባችሁ ከተጻፈ ብቻ ነው። ሲጻፍም ሁለተኛው ጥሪ በሌላ ቀን ይሁን፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ጥሪ አይባልም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የደወሉ ጸሐፊ፦ ኮሚቴያችን የሌላ ማኅበር ደንብ መነሻ አድርጎ 31 ገጽ አዲስ ደንብ አዘጋጅቷል። አባላት በአንድ ጊዜ «አዎ» ወይም «አይ» ብለው እንዲጨርሱ ይፈልጋል። ሌሎች ደግሞ አንቀጽ በአንቀጽ እንየው ይላሉ። ደንቡ በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ የአማርኛ ትርጉምም ተጠይቋል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ 31 ገጽ ሲሉ ገና ያን ጊዜ ጠርጥሬያለሁ። አንድ ጊዜ ኳስና ሁለት መረብ ብቻ ያለው ማኅበር ደንብ ስመረምር «የመዋኛ ገንዳ ኃላፊ በየዓመቱ ይመረጣል» የሚል አንቀጽ አገኘሁ። እዚህ አካባቢ የሠፈር መዋኛ የሚያስተዳድሩ የመዝናኛ ማኅበራት ብዙ ናቸው፤ ከአንዳቸው ተገልብጦ ነው። አስቀን ብናልፈው ጥሩ ነበር። ነገር ግን በምርጫ የተሸነፈ አንድ ሰው «ደንቡ የሚያዝዘው ኃላፊ ስላልተመረጠ ምርጫው ሕገ ወጥ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ማኅበሩም ስድስት ወር በሌለ ገንዳ ሲከራከር ከረመ።

በአንድ ድምፅ ማጽደቁ በራሱ ጥፋት አይደለም። እዚህ አገር ብዙ ማኅበራት የሚሠሩበት የሄንሪ ሮበርት የስብሰባ ሥነ ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ እየታደሰ የሚታተመው፣ አንድን አንቀጽ ማሻሻልና ደንቡን በሙሉ መከለስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው ይላል። አንድ አንቀጽ ሲሻሻል ውይይቱ በማስታወቂያው ላይ ከተገለጸው ለውጥ ወሰን አያልፍም። መዋጮን ከ100 ዶላር ወደ 150 እናድርግ ብላችሁ ከጠራችሁ፣ ጉባኤው 120 ሊል ይችላል፤ 300 ግን ሊል አይችልም። ደንቡ በሙሉ ሲከለስ ግን ሁሉ ነገር ክፍት ነው፤ አባላት የትኛውንም አንቀጽ ሊነኩ ይችላሉ። እንግዲህ የእናንተን ኮሚቴ የሚጎዳው ይህ ነው። «አዎ ወይም አይ ብቻ» ብሎ አፍ ማስያዝ አይችልም። መጀመሪያ አንቀጽ በአንቀጽ ይታያል፣ ይታረማል፣ በመጨረሻ በአንድ ድምፅ ይጸድቃል። ለአባላት የሚላከው ወረቀትም ሦስት ዓምድ ይኑረው፤ ነባሩ፣ አዲሱና ምክንያቱ። ምክንያቱ ያልተጻፈለት ለውጥ ካለ ኮሚቴው ራሱ አያውቀውም ማለት ነው።

ወደ ትርጉሙ ልምጣ፤ ብዙ ሰው ቀላል ይመስለዋል። በአንድ ማኅበር የአማርኛው ደንብ «ጠቅላላ ጉባኤ በመስከረም ወር ይካሄዳል» ይላል፤ እንግሊዝኛው «ሴፕቴምበር» ይላል። ጉባኤው በሴፕቴምበር 5 ተጠራ። በእኛ አቆጣጠር ግን ያ ቀን ነሐሴ 30 ነው፤ መስከረም ሊጠባ ጳጉሜን ሙሉ ይቀራታል። ተከራካሪ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። «ይችላል» እና «አለበት» የሚባሉትንም ተርጓሚዎች እንደ አንድ ሲያዩአቸው አጋጥሞኛል፤ «ቦርዱ ሒሳቡን በውጭ ኦዲተር ሊያስመረምር ይችላል» እና «ማስመርመር አለበት» በገንዘብ ያዡ ዕድሜ ላይ ልዩነት አላቸው።

ከሁሉ የከፋው «የቤተሰብ አባልነት» ነው። አንድ መዋጮ የሚከፍሉ ባልና ሚስት አንድ ድምፅ አላቸው ወይስ ሁለት? 18 ዓመት የሞላት ልጃቸውስ? ቢለያዩ ድምፁ ከማን ጋር ይሄዳል? ነባሩ ደንባችሁ መልስ ከሌለው አዲሱ ይኑረው፤ ስንት አባል እንዳላችሁ የሚታወቀው ይህ ሲለይ ነው። በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጁ፤ አባል ያልገባውን ማጽደቅ የለበትም። ሲለያዩ የትኛው እንደሚጸና ግን በአንቀጽ ጻፉ። ልቤ ለአማርኛው ቢያደላም የሜሪላንድ ዳኛ የሚያነበው እንግሊዝኛውን ነው።

ከአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፦ ማሻሻያውን በቴሌግራም ቡድናችን አቅርበን 87 ሰው ደግፏል፤ የተቃወሙት አራት ናቸው። ጸድቋል ማለት እንችላለን?

መልስ፦ አትችሉም። ደንባችሁ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ድምፅ መስጠትን ካልፈቀደ፣ ከ87ቱ ውስጥ አባል ያልሆነ የስንቱ የአጎት ልጅ እንዳለ ካልተጣራ፣ ያገኛችሁት የሕዝብ አስተያየት ነው። አስተያየቱ ጥሩ ነው፤ ጉባኤ ጥሩና አጽድቁት።

ከውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ፦ የሜዳ ተራ፣ የማልያ ክፍያና የልጆች አሠልጣኞች ምርመራ በደንቡ ውስጥ ይግቡ ወይ?

መልስ፦ ደንቡ «ከልጆች ጋር የሚሠራ ሁሉ ያለፈ ታሪኩ የተጣራ ይሁን፤ ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» ብሎ ይለፍ። የማልያ ዋጋ አምስት ዶላር በጨመረ ቁጥር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ መፈለግ የለባችሁም። ለዚያ የውስጥ መመሪያ በቂ ነው፤ እሱን ቦርዱ ይለውጠዋል።

ከዋሽንግተን ዲሲ የደወሉ ገንዘብ ያዥ፦ ደንባችንን ስናሻሽል ለመንግሥት ማሳወቅ አለብን? የግብር ነፃነታችንን እንዳናጣ ሰግተናል።

መልስ፦ ስጋትዎ ልክ ነው፤ ግን የሚያሰጋው ማሳወቁ ሳይሆን የሚጻፈው ነገር ነው። ለመዝገብ መሥሪያ ቤቱ የሚገባው የመመሥረቻ ጽሑፍ ነው፤ መተዳደሪያ ደንቡ እናንተው ዘንድ ይቀመጣል። ስማችሁን ወይም ዓላማችሁን ከለወጣችሁ ግን የመመሥረቻ ጽሑፉ ስለሚነካ እሱም ይሻሻላል። ሥነ ሥርዓቱ በየግዛቱ ይለያያል፤ ለምሳሌ በቨርጂኒያ ለዚህ ዓይነቱ ጉባኤ ጥሪው ቢያንስ 25 ቀን ቀድሞ መድረስ አለበት። ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ለአይ.አር.ኤስ. ደግሞ የዓመቱን ሪፖርት፣ ማለትም ቅጽ 990ን ወይም አጭሩን 990-ኢዜድ፣ የምትሞሉ ከሆነ፣ በደንባችሁ ላይ ያደረጋችሁትን ጉልህ ለውጥ የምትገልጹበት ቦታ ቅጹ ላይ አለ። የዓመት ገቢያቸው በአብዛኛው ከ50,000 ዶላር ያልበለጠ ማኅበራት የሚልኩት 990-ኤን በጣም አጭር ስለሆነ ይህን አይጠይቅም። ቢሆንም መላኩን አትርሱ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያልላከ ማኅበር የግብር ነፃነቱን በራሱ በሕጉ ያጣል። ደንብ ስታሻሽሉ ገንዘብ ያዡ ይህን በየዓመቱ እንደሚልክና ለቦርዱ ማረጋገጫ እንደሚያቀርብ አንድ መስመር ጨምሩበት።

እናንተ በግብር ሕጉ 501 ሲ 3 ናችሁ ወይስ 501 ሲ 7? የመጀመሪያው ለበጎ አድራጎትና ለትምህርት ዓላማ ነው፤ ለጋሹ የሰጣችሁን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ያስቀንሳል። ሁለተኛው ለአባላቱ መዝናኛ የተቋቋመ ክበብ ነው፤ ስጦታው ለሰጪው አይቀነስም፣ ከአባላት ውጭ የሚመጣው ገቢም በጥቅሉ ከ35 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቃል። 501 ሲ 3 ሆናችሁ ሳለ «ማኅበሩ ቢፈርስ ቀሪው ንብረት ለአባላት ይከፋፈላል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ችግር ውስጥ ገባችሁ። በእቁብ ልማድ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ያዋጣነውን መካፈል ማን ይጠላል? ሕጉ ግን ንብረቱ ለተመሳሳይ በጎ ዓላማ እንዲተላለፍ ያስገድዳል። ይህን የሚለውን አንቀጽ ማንም ሳይነካው ይቆይ።

ስማቸውን መናገር ያልፈለጉ አባት፦ ልጄ፣ ማኅበሩን ስንመሠርት ሰባት ነበርን፤ አሁን የቀረነው ሦስት ነን። በቦርዱ ውስጥ ቋሚ ወንበር አለን። ወጣቶቹ በአዲሱ ደንብ ሊያነሱን ነው። መብታችን አይደለም ወይ?

መልስ፦ አባቴ፣ ሳላስከፋዎ ልናገር። ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር ባለቤት የለውም፤ መሥራችም ባለቤት አይደለም። ቋሚ ወንበሩ በደንቡ ስለተጻፈ እስከ ዛሬ ሕጋዊ ነው። የመመሥረቻ ጽሑፉ ለይቶ ካልጠበቀው በስተቀር ግን ደንብ የሰጠውን ደንብ ሊያነሳው ይችላል፤ ሥነ ሥርዓቱ እስከተጠበቀ ድረስ።

ለወጣቶቹም የምለው አለኝ። የደንብ ማሻሻያ ሌላ ነገር ካልተባለ በጸደቀባት ደቂቃ ሥራ ላይ ይውላል። ሦስት ሽማግሌዎች ሰብሳቢው መዶሻውን ሲያስቀምጥ ከወንበራቸው ይነሱ ማለት ነው፤ ነውር ነው። «ነባር የቦርድ አባላት የአገልግሎት ዘመናቸውን ይጨርሳሉ» የሚል የመሸጋገሪያ አንቀጽ ጨምሩ። ከዚያ በኋላ ድምፅ የሌለው የክብር አባልነት፣ ወይም በአባላት መካከል ጠብ ሲነሳ የሚያይ የሽማግሌዎች ጉባኤ ይሁን።

እርስዎ ደግሞ ሙግቱን ለጊዜው ይተዉትና አንድ ነገር ይፈልጉልኝ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቃለ ጉባኤ የምትይዙበት ደብተር ይኖራል፤ ምናልባት ሻንጣ ውስጥ ይሆናል። ወንበሩን የሰጣችሁ ውሳኔ እዚያ ውስጥ ነው፤ በስንት ድምፅ እንደጸደቀ፣ ለዘላለም ይሁን ለተወሰነ ዓመት የተባለውም እዚያው ነው። ቅጂውን ለጸሐፊያችሁ ይስጧት፤ ዋናውን ግን እርስዎ ይያዙት።