ደሴን በቀን ሳያት

ሰላም ናችሁ? እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ስለ ደሴ።

ደሴን አልወዳትም ነበር። የደሴ ልጆች ቅር እንዳይላችሁ፤ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

አያቴ የሚኖሩት ወልድያ ነበር። በ1980ዎቹ፣ ትምህርት ሲዘጋ ከአባቴ ጋር በአውቶቡስ እንሄድ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ከአውቶቡስ ተራ እንነሳለን። ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ሹራብ ይወልቃል። አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ። ከዚያ የሐረጎ ዳገት ይጀምራል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን በዚያች ርቀት 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። በየኩርባው ሆዴ ይገላበጣል። ሹራቡ ተመልሶ ይለበሳል። ደሴ ስንገባ መሽቷል፤ ክረምት ስለሆነም ብዙ ጊዜ ይዘንባል።

አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ደላሎች ይከቡታል። "አልጋ! አልጋ!" አባቴ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው እኔን ይዞ በጭቃው ውስጥ ይጎትተኛል። ክፍሉ ጠባብ ነው። ብርድ ልብሱ እርጥበት እርጥበት ይላል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የጎረቤቱ ሳል ሁሉ ይሰማል። ገና እንቅልፍ ሲወስደኝ በሩ ይንኳኳል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት፤ ተነሱ፣ መኪናው ሊሄድ ነው። ለእኔ ደሴ ማለት ይኼ ነበር፤ ጭቃ፣ ብርድ፣ የተቋረጠ እንቅልፍ።

እስኪ አስቡት። በዚያች ከተማ በየዓመቱ እያደርኩ ጦሳ ተራራን አይቼው አላውቅም! መሽቶ እገባለሁ፣ ሳይነጋ እወጣለሁ። የሰሜኑን መስመር በአውቶቡስ የተመላለሰ ብዙ ሰው እንደዚሁ ይመስለኛል። ደሴ ለእኛ ማደሪያ ነበረች እንጂ ከተማ አልነበረችም።

ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ መኪናውን ይዞ "ወልድያ እንሂድ" አለኝ። እሱ በቀጥታ ማለፍ ነበር የፈለገው። እኔ ግን ደሴ በጊዜ ገብተን እንደር ብዬ ያዝኩት። ሐረጎን በእኩለ ቀን ወጣነው። መኪናውን ዳር አስይዘን ወረድን። ኮምቦልቻ ከታች ሜዳው ላይ ተዘርግታለች፤ ፋብሪካዎቿ፣ የቦርከና ሸለቆ፣ ሁሉም ይታያል። በልጅነቴ እዚያ ቦታ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማልፈው።

ደሴ ውስጥ በእግር ነው የሄድነው። በአንድ ወገን ጦሳ፣ በሌላው አዝዋ ገደል፤ ከተማዋ መሃል ላይ ተሸጉጣለች። ለጥ ያለ መሬት የለም። ቤቶቹ እንደ ደረጃ ተደራርበው የአንዱ ጣሪያ ለሌላው ደጅ ይሆናል። ከፒያሳ ተነስተን ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ አየን። ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤትንም እንዲሁ። ስህን የንጉሡ ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። እነዚህን ስሞች ከመጽሐፍ አውቃቸው ነበር፤ አልጋ ከምንይዝበት ሰፈር ምን ያህል እንደሚርቁ ግን ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ስለ ቡናው ልንገራችሁ። አራዳ ሰፈር ከአንዲት እናት ደጅ ላይ ቁጭ አልን። ጭሱ ይጨሳል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል። አቦሉ ሳይቀዳ አንድ ሽማግሌ ዱዓ ማድረግ ጀመሩ። ሁሉም መዳፉን ዘረጋ። አጠገቤ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ሴት ነበረች፤ እሷም ዘርግታ "አሚን" ትላለች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ለእነሱ የዘወትር ነገር ነው። እኔ ግን ጉሮሮዬ ያዘኝ። አገራችን ባለፉት ዓመታት ያየችውን ስለማውቅ፣ ይኼ የዘወትር ነገር ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይገባኛል። በረካውን ሳንጠጣ አልተነሳንም።

የ2014ቱን ጦርነት አነሳሁባቸው። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ከአንድ ወር በላይ ከተማዋ በጦርነቱ መሃል ነበረች። የደሴ ሙዚየም ያኔ ተዘርፏል። ቡና ያፈሉልን እናት ስለዚያ ብዙ ማውራት አልፈለጉም። "አለፈ፤ አብሽሪ" አሉኝ። የማጽናናው እኔ መሆን ሲገባኝ እሳቸው አጽናኑኝ።

ብርዱ ዛሬም ብርድ ነው። ሲመሽ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሞላው። ዋናው ጎዳና አሁን በባጃጅ ተጨናንቋል፤ ይኼን ማስተካከል የከተማው ሥራ ነው፣ ነዋሪው ይገባዋል። ጫማዬም ዳግመኛ ጨቅይቷል። ግን በማግስቱ ለመነሳት አልቸኮልኩም። ቁርስ በላን፣ ገበያ ዞርን፣ ወደ ረፋዱ ላይ በሐይቅ በኩል መንገድ ጀመርን።

በዚህ መስመር የምትጓዙ ካላችሁ፣ እባካችሁ ደሴ ከሰዓት በፊት ግቡ። ቢቻላችሁ ሁለት ሌሊት እደሩ። መኪናውን አቁማችሁ በእግራችሁ ሂዱ።

እኛ አዝዋ ገደል ጫፍ ድረስ መሄድ ፈልገን ዝናቡ ከልክሎናል። በጥቅምት እመለሳለሁ። የደሴ ልጆች፣ በየት በኩል ብንወጣ እንደሚሻል ጻፉልኝ። ከማን ደጅ ቡና እንደምንጠጣም ጨምራችሁ።