«ደህና ነኝ» ያልንባቸው ተራሮች

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ማይክሮፎኑና እኔ ብቻ ነን። ንግግሬ ከተኮላተፈባችሁ ታገሡኝ፤ ከመጨረሻው ተራራ ከወረድን ገና አራተኛ ቀኔ ነው፤ ከንፈሬ በፀሐይ ተልጦ አፌን በደንብ መክፈት አቅቶኛል።

በዚህ በጋ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አራት ጊዜ የመኪና መንገድ ወደማይደርስበት ተራራ ዘልቀናል። ሁለቱ ድንኳን ተሸክሞ ለቀናት መጓዝ ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ግን ገመድ፣ የበረዶ መጥረቢያና ከጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ ይጠይቃሉ። ስለ ውበቱ አላወራም፤ ፎቶግራፎቹን አሳይቼ ሰው አሰልችቻለሁ። ዛሬ የማነሣው አንድ አነጋገር ነው፦ «ደህና ነኝ» የሚለውን።

በመጀመሪያው ጉዞ፣ ገና ሁለት ሰዓት ሳንሄድ፣ ግራ ተረከዜ ይሞቀኝ ጀመር። ሕመም አልነበረም፤ ለብ ያለ ነገር ነው። ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አውልቄ ፕላስተር ብለጥፍበት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ከፊቴ የምትሄደው ጓደኛዬ ዞር ብላ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ከሁሉ ቀድማ ጉዞውን ያስቆመች ሰው መባል አልፈለግሁም። ማታ ድንኳን ውስጥ ካልሲዬን ስስብ ቆዳዬ አብሮ መጣ። ተረከዜ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ከካልሲው ክር ጋር ደርቆ ተጣብቋል። በማግስቱ አራታችንም በእኔ እርምጃ አነከስን፤ የሁለት ቀኑ መንገድ ሦስት ቀን ፈጀ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተረቱ ግን ስለ በሽተኛው እንጂ አብረውት ስለሚያነክሱት አያወራም።

ሦስተኛው ጉዞ ላይ ተራው የሌላ ሰው ሆነ። በ3,600 ሜትር ላይ ድንኳን ተክለን ሩዝ ጥደናል። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሩዙ ይንተከተካል እንጂ ቶሎ አይበስልም፤ እኛም በየደቂቃው ክዳኑን እየከፈትን ፍሬ እናኝካለን። ከመካከላችን በጉልበት የሚስተካከለው የሌለ ረጅም ጓደኛችን ብቻ ማንኪያውን አላነሣም። «አልራበኝም» አለ። ቀኑን ሙሉ ሸክም ተሸክሞ የዋለ ሰው አልራበኝም ሲል መጠርጠር ነበረብን፤ ይህም «ደህና ነኝ» ነው፣ ልብሱን ቀይሮ የመጣ።

ተራራ ላይ የኦክስጅን ድርሻ አይለወጥም፤ እዚያም ያው 21 በመቶ ነው። የሚወርደው የአየሩ ግፊት ነው። በ3,600 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠለል አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ያስፈልጉታል፤ የጡንቻ ብርታት ደግሞ ከከፍታ ሕመም አያድንም። ከ3,000 ሜትር በላይ መኝታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር ያልበለጠ ከፍ ማድረግ እንደሚመከር ሁላችንም አንብበናል። አንብበን ግን የእረፍት ቀናችን ስላጠረ በአንድ ቀን 1,100 ሜትር ወጣን። ሌሊት ራሱን ይዞ ከድንኳኑ ወጥቶ ሲያስመልስ ሰማነው። አፉን እየጠረገ ተመለሰና ምን አለ? አዎ፣ እሱኑ።

ሲነጋ ይዘነው ወረድን። 600 ሜትር ያህል እንደ ወረድን ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ያን ያልበሰለ ሩዝ ጠየቀን፤ ቀዝቃዛውን ጠራርጎ በላው።

ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣን። «ደህና» ማለት ክልክል ነው፤ በየእረፍቱ እያንዳንዱ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር ይናገራል፤ አሥር ሙሉ ብርታት ነው፣ አንድ ደግሞ መራመድ ማቃት። እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ በጣምም ኮርቼበት ነበር።

አራተኛው ጉዞ ግግር በረዶ ላይ ነው። ፀሐይ በረዶውን ሳታላላው ለመድረስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሣን፤ የግግሩን ጥልቅ ስንጥቆች የሸፈነው በረዶ ጠንካራ የሚሆነው በሌሊት ነውና። አራታችን በአንድ ገመድ ታስረናል፣ በመካከላችን 10 ሜትር ያህል አለ። ነፋሱ ድምፅ ስለሚበላ ወሬ የለም። የግንባር መብራቴ የሚያሳየኝ ከፊቴ ያለውን ዱካ ብቻ ነው። ከኋላዬ ያለችው ያችው «ደህና ነሽ?» ያለችኝ ጓደኛዬ ናት። ስንቆም «ቁጥር?» እላታለሁ። «ሰባት» ትላለች። ከአንድ ሰዓት በኋላም ሰባት። ገመዱ ግን ሌላ ነገር ይነግረኛል። በየአሥር እርምጃው ይወጠርና ወገቤን ወደ ኋላ ጎተት ያደርገኛል፣ ከዚያ ይላላል፣ እንደገና ይወጠራል። ወገቤ እያወቀ ጆሮዬ ሰባትን ማመን መረጠ።

ጫፉ ሊደረስ 200 ሜትር ሲቀረው ገመዱ ጨርሶ ተወጠረ። ዞር ስል ቆማለች። «አራት ነኝ» አለች፤ «ከተነሣን ጀምሮ አራት ነበርኩ።»

ተመለስን። ይህን የምነግራችሁ እንደ ጀግንነት አይደለም፤ ተናድጄ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጫፉ ከላያችን ይታያል፣ ፊቴን አጨፍግጌ አንድም ቃል ሳልናገር ገመዱን ጠቅልዬ አዞርኩት። ስወርድ ነው የገባኝ፦ ያ ፊቴ እኮ ነው ሰባት ያስባላት። ቁጥሩን ያወጣሁት እኔ፣ እውነተኛውን ቁጥር የሚያስፈራውንም ፊት ያሳየሁት እኔ።

ትናንት ማታ ደወለችልኝ። ሰላምታ እንኳን ሳትሰጠኝ «ቁጥር?» አለች። የከንፈሬን ነገር የምትጠይቀኝ መስሎኝ «ስምንት» አልኳት።

«ተቀይመሽኝ እንደሆነ ነው የምጠይቅሽ» አለችኝ።

ትንሽ አሰብኩ። «አምስት።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁና ከንፈሬ እንደገና ደማ።