ዳገቱ ላይ ፍጥነት ሳይሆን የልብ ምት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ልብ ምት መለኪያ ነው፤ በተለይም ዳገትና ቁልቁለት በበዛባት በጎንደር ለሚሮጥ ሰው ይህ መሣሪያ ከፍጥነት መለኪያ ይልቅ ለምን እንደሚጠቅም ነው።

ከፒያሳ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያወጣውን መንገድ በሶምሶማ የሞከረ ሁሉ፣ ሜዳ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጨርስበት ደቂቃ እዚያ እንደማይሠራለት ያውቃል። ወደ አዘዞ ሲወርድ በአንጻሩ ብዙም ሳይለፋ ይፈጥናልና ሰዓቱ ያለ አግባብ ያሞግሰዋል። የልብ ምት ግን መንገዱ ወጣም ወረደ፣ ሰውነት በዚያች ሰዓት ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ በቀላል ልምምድ ቀን አንድ የምት ጣሪያ አስቀምጬ፣ ዳገቱ ከዚያ በላይ ሲወስደኝ በእርምጃ እሄዳለሁ። እንጨት የተሸከሙ እናቶች «አይዞህ ልጄ» እያሉ ሲቀድሙኝ ትንሽ ማፈሬ ባይቀርም፣ ቀላል ልምምድ ቀላል ሆኖ የሚቀረው እንዲህ ሲደረግ ብቻ ይመስለኛል።

ጣሪያው ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ልብ በደቂቃ ሊመታ የሚችለውን ከፍተኛ ምት መገመት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ብዙ ሰው የሚያውቀው ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሌላ ቀመር ደግሞ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 ላይ ይቀንሳል። ለ40 ዓመት ሰው ሁለቱም 180 ይሰጣሉ፤ ለ60 ዓመት ሰው ግን የመጀመሪያው 160፣ ሁለተኛው 166 ይላል። ሁለቱም የብዙ ሰዎች አማካይ ስለሆኑ የአንድ ግለሰብ ትክክለኛ ከፍተኛ ምት ከዚያ በ10 ወይም ከዚያ በላይ ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱ ዕድሜዬን ብቻ ጠይቆ በቀይና በአረንጓዴ የሚከፋፍልልኝን ደረጃ እንደ ሕግ አልቀበለውም።

ለእኔ የተሻለው የእረፍት ምትንም የሚያስገባው የካርቮነን ስሌት ነው። ከፍተኛ ምቱ 180፣ የእረፍት ምቱ 60 የሆነ ሰው በመካከል 120 ምት አለው፤ የዚህን 60 በመቶ፣ ማለትም 72ን፣ በ60 ላይ ሲጨምር 132ን ጣሪያው አድርጎ ያገኛል። የእረፍት ምቱ 75 የሆነ እኩያው በዚያው ስሌት 138 ላይ ይደርሳል። የእረፍት ምትን ለማወቅ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ፣ ቡና ሳይጠጡ መለካት ነው። ይህ ቁጥር ያለ ምክንያት ከወትሮው ከፍ ብሎ ካደረ የእንቅልፍ ማጣት፣ የድካም ወይም የሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ እኔ በዚያ ቀን ከባዱን ልምምድ እተዋለሁ።

ቦታውና ወቅቱም ቁጥሩን ይለውጡታል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ፣ ከመተማ ቆላ የመጣ እንግዳ ሰውነቱ አየሩን እስኪለምድ ድረስ በለመደው ፍጥነት ሲሮጥ ልቡ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ይመታል። በዐቢይ ጾም ውኃ ሳይቀምስ ከሰዓት በኋላ በፀሐይ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ፍጥነቱን ሳይጨምር ምቱ ቀስ በቀስ ሲያሻቅብ ያያል። በላብ ፈሳሽ ሲቀንስና ሰውነት ሲሞቅ ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም ስለሚያንስ፣ ጉድለቱን በምት ብዛት ያካክሳል። በጾም ቀን ሶምሶማዬን ወደ ማምሻው፣ ከማዕድ በኋላ ትንሽ ቆይቼ ያዛወርሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልልም። የፊንላንዱ ኩባንያ ፖላር ገመድ አልባውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የደረት ቀበቶው አሠራር በመሠረቱ አልተለወጠም፤ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በቀጥታ ያነባል፣ ከመታሰሩ በፊት ግን ቆዳ የሚነካውን ክፍል በውኃ ማርጠብ ይፈልጋል። የእጅ ሰዓቱ በአረንጓዴ ብርሃን የደምን ፍሰት ስለሚከታተል፣ ላላ ብሎ ሲታሰር ወይም በጠዋቱ ብርድ ይሳሳታል፤ አንዳንዴም የእርምጃን ብዛት የልብ ምት አድርጎ ይቆጥራል። ዳገት ላይ አጫጭር ፈጣን ሩጫዎችን ለሚሠራ ሰው ቀበቶውን እመርጣለሁ፤ ለተራ ሶምሶማ ሰዓቱ በቂ ነው።

ለደም ግፊት ወይም ለልብ ሕመም ቤታ ብሎከር የሚባሉትን መድኃኒቶች የምትወስዱ አድማጮች ግን፣ መድኃኒቱ ምቱን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዘው ከላይ የጠቀስኋቸው ስሌቶች ለእናንተ አይሠሩም። እናንተ ጣሪያችሁን ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ፤ እስከዚያው ግን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር በምትችሉበት ፍጥነት ሂዱ።