ጆከር ሽማግሌ አይደለም
(በዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የሊቀመንበር የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከየወረዳው የመጣችሁ የቡድን አስተባባሪዎች፣ እንኳን ወደ ባሕር ዳር በሰላም መጣችሁ።

የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርባል። እኔ የማነሳው ተመልካች ራሱ ገብቶ የሚጫወትበትን የፎረም ቴአትር አወያይ፣ ስለ ጆከሩ ብቻ ነው።

ካርታ የተጫወተ ሁሉ ጆከር የየትኛውም ወገን እንዳልሆነ ያውቃል። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል አወያዩን በዚህ ስም የጠራው ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ፔሩ ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ሥራ ላይ ሳለ ተመልካች መፍትሔ ይናገራል፣ ተዋናይ ይጫወተዋል። ራሱ እንደሚተርከው፣ አንዲት ሴት ያልኩትን አልተጫወቱልኝም ብላ አልረካ ስትል ራሷ እንድትወጣ ተጋበዘች። ፎረም ቴአትር የመጣው ከዚያ ነው።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ትዕይንቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ተዋንያኑ ከ6 ባይበልጡ ይመረጣል፤ መጨረሻው የተበዳዩ ሽንፈት ነው። ያው ትዕይንት ለሁለተኛ ዙር ሲጀመር ተመልካች «ቁም!» ብሎ ይነሳና የተበዳዩን ቦታ ይይዛል። የበዳዩን ቦታ አይሰጠውም፤ ጉልበተኛውን ድንገት ደግ ካደረገው ጠቡ መድረኩ ላይ ብቻ ያልቃል፣ በእውኑ ሕይወት ያለው ጉልበተኛ ግን ያው ነው።

አንድ ትዕይንት እንውሰድ። ክረምት ነው፤ ዓሣው ዕንቁላል ሊጥል ከጣና ወደ ጉማራ ወንዝ ይወጣል። የዓሣ ነጋዴው ለአንድ ወጣት ሞኖፊላመንት (ከነጠላ የናይለን ክር የተሠራ) መረብ በዱቤ ሰጥቶታል፤ ወጣቱም የወንዙን አፍ በመረብ ይዘጋል። በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱት አዛውንት «ልጄ፣ የከርሞውን ዘር ነው የምትበላው» ይሉታል። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ወጣቱን ጥፋተኛ አድርጎ ይዘጋዋል። ይህ ቴአትር ሳይሆን በተዋናይ የተነበበ ማስታወቂያ ነው። የትዕይንቱ ቋጠሮ ዱቤው ነው። ተመልካች በወጣቱ ቦታ ገብቶ «መረብህን አልፈልግም» ሲል ነጋዴውን የሚጫወተው ወዲያው መሸነፍ የለበትም፤ «ጎሽ! የባለፈውን ቁጠርልኛ» ይበለው። ያን ጊዜ ዕዳውን ማን ይክፈል፣ ዓሣውን ሌላ ማን ይግዛ የሚለው ጥያቄ የተመልካቹን ክብ ይዞረዋል። ነጋዴው ግን ገና ከመነሻው ቢጮህ ሁለተኛ ሰው አይነሳም፤ ጫናው በእርከን ይጨመር።

አሁን ወደ ጆከሩ። ሕዝባችን ለክርክር እንግዳ አይደለም፤ በላ ልበልሃን ያቆየ ሕዝብ «ቁም» ማለት አይከብደውም። የሚያስቸግረው ብያኔ መጠበቁ ነው። መሐል የቆመ ሰው ሲያይ ሽማግሌ ይመስለውና «አንተስ ምን ትላለህ?» ይለዋል። አብዛኛው ጆከራችን የሚወድቀው እዚች ላይ ነው፤ አሥር ደቂቃ ይመክራል፣ ሕዝቡም አጨብጭቦ ይበተናል። ጆከር አያስታርቅም፣ አይፈርድም። «ይህ በእናንተ ቀበሌ ይሆናል? ከዚያስ ነጋዴው ምን ያደርጋል?» ብሎ ጥያቄውን ለክቡ ይመልሳል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ዝም ካሉም ይታገሥ፤ ዝምታውን በወሬ የሚሞላ ጆከር የሚነሳውን ሰው ያስቀምጠዋል።

ሌላው ጥቃቅን ይመስላል። ባለሥልጣን ከፊት ወንበር ላይ ከተቀመጠ ማንም አይነሳም፤ ሁሉም ምንጣፍ ላይ፣ በክብ ይሁን። ሴቶች ከኋላ ከተደረደሩ ክቡ ግማሽ ነው። የገበያ ቀን ሰው ይበዛል ግን አይቆይም። ሐይቁ ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ድምፅ ይወስዳልና ጠዋት ይሻላል።

ስልክን በተመለከተ ግን ጠንከር ልበል። በዚህ ጊዜ መድረክ ላይ የተናገረ ሰው ነገ በተንቀሳቃሽ ምስል ሊታወቅ ይችላል። ሳይጀመር ቀረጻ እንደማይፈቀድ ይነገር፤ ካልተስማሙ ትዕይንቱ ይቅር። የእውነተኛ ሰው ጉዳይም እንዳለ አይወሰድ፤ ስሙን ብቻ ቀይሮ ሥራውንና መንደሩን መተው ምንም አይሸፍንም።

ከምሳ በኋላ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ትዕይንት ያሳያል፤ ጆከር የሚሆነው ከሌላ ቡድን የመጣ ሰው ነው። መካሪ ጆከር ካያችሁ «ቁም!» በሉት።

ጉባኤው ተከፍቷል።